ጋሽ ወዳጆ ያስተማሩት «ይበቃል»

የጋሽ ወዳጆን ማረፍ ያወቅኩት ከመምህራን የቴሌግራም ግሩፕ ነው። ሦስተኛውን ክፍለ ጊዜ አስተምሬ ስታፍ ክፍል ስገባ ፎቶግራፋቸው ስልኬ ላይ ወጥቶ ጠበቀኝ። ከሥሩ አንድ የቀድሞ ባልደረባችን «አንጋፋው የባዮሎጂ መምህራችን ዋጫ ላይ አርፈዋል» ብሎ ጽፏል። ሁሉም በየተራ «ነፍስ ይማር» ይላል። እኔም ጻፍኩና ላክኩት። ስሜን ከፎቶግራፋቸው ሥር ሳየው ግን መልእክቱን ተጭኜ ለሁሉም አጠፋሁት። አጠገቤ የተቀመጠችው የኬሚስትሪ መምህርት አይታኝ ኖሮ፣

«ምነው፣ ተሳሳትክ እንዴ?» አለችኝ።

«አዎ፣ ተሳስቼ ነው» አልኳት።

የተሳሳትኩት ግን ከአራት ዓመት በፊት ነበር።

ቦንጋ የመጣሁት ከደብረ ብርሃን ተመድቤ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ዝናቡ አላባራ ብሎ፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሜ የጫማዬን ጭቃ በእንጨት ስፍቅ፣ አንድ ረጅም ቀጭን ሽማግሌ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። የጎማ ቦት ጫማቸውን አውልቀው ለጥበቃው ሰጡት፤ ከፌስታል ውስጥ ጥቁር፣ የተወለወለ የቆዳ ጫማ አውጥተው አደረጉ።

«አዲሱ የባዮሎጂ መምህር ነህ?»

«አዎ ጋሼ።»

«እንግዲያው ሁለት ጫማ ይኑርህ። አንዱ ለቦንጋ መንገድ፣ አንዱ ለተማሪ ፊት። ተማሪ ፊት በጭቃ አይቆምም።»

ጋሽ ወዳጆ ማለት እኚህ ነበሩ። አፋቸውን የፈቱት በካፊኖኖ፣ በከፋዎች ቋንቋ ነው፤ አማርኛን የለመዱት ትምህርት ቤት ከገቡ በኋላ ነው። ስለዚህ ማስረዳቱ ሲሞቃቸው ወንዱና ሴቱ ይደባለቅባቸው ነበር። ልብም እሷ፣ ሳንባም እሷ፣ ሴልማ ሁልጊዜ እሷ ናት። ተማሪዎቹ ይስቃሉ፤ እሳቸውም አብረው ይስቁና «እሺ፣ እሱ ይሁን። ሥራዋን ግን አልተወችም» ይሉ ነበር። የተሳሳተ ተማሪ ላይ ጮኸው አያውቁም። «እስቲ ከጀርባው ደግሞ እንየው» ይሉና ልጁ ስህተቱን ራሱ እስኪያገኘው ጠመኔውን ይዘው ይጠብቁታል።

ለማስተማር አዲስ ስለነበርኩ አንዳንዴ ክፍላቸው ገብቼ ከኋላ እቀመጥ ነበር። ያን ቀን አስራ አንደኛ ቢ ስለ ነርቭ ይማሩ ነበር። ጋሽ ወዳጆ አንድ ከረጢት ቦሎቄ ይዘው ገቡና አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ተማሪ አስነሥተው ፊት ለፊት አቆሟቸው። ልጅቷ ቦሎቄውን አንድ በአንድ ትወረውራለች፣ ልጁ በእፍኙ ይቀልባል። «ፍጠኚ» አሏት። ፈጠነች። «አሁንም ፍጠኚ።» የልጁ እፍኝ ሞላ፤ ቦሎቄው መሬት ላይ ይንጣጣ ጀመር። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

«አሁን ምን ትላታለህ?»

«ይበቃል!»

«አልሰማችህም!»

«ይበቃል በቃ!» ብሎ ጮኸ። ልጅቷ አቆመች።

«ይኸው» አሉ ጋሽ ወዳጆ። «መልእክት ከላኪ ሴል ወደ ተቀባይ ሴል ይሄዳል ብላችሁ ተምራችኋል። እውነት ነው። ግን ተቀባይዋ ዝም ብላ የምትሸከም እንዳትመስላችሁ። ሲበዛባት ከራሷ ሽፋን፣ ከቅባቷ ላይ ቆንጥራ አንዲት ትንሽ ነገር ትሠራለች። ያቺን ወደ ኋላ፣ ወደ ላኪዋ ትልካታለች። ‹ቀስ በይ፣ ይበቃል› ትላታለች። አስቀድማ ሠርታ አታከማችም፤ ሲያስፈልግ ብቻ ነው። ሥራው እንዳለቀ ደግሞ ኤንዛይም ይመጣና ይበትናታል። ይበቃል ማለትም ይበቃል ይባላልና።»

ሰሌዳው ላይ «ኢንዶካናቢኖይድ» ብለው ጻፉና ከ«ኢንዶ» ሥር አሰመሩ። ከውስጥ ማለት ነው አሉ፤ ሰውነት ራሱ የሚሠራው። ሕመም ልኩን እንዳያልፍ፣ ረሃብና እንቅልፍ ጊዜያቸውን እንዲጠብቁ፣ የደነገጠ ልብ አደጋው ካለፈ በኋላ ወደ ቦታው እንዲመለስ የምታግዘው ይህች መልእክት መሆኗን አስረዱ። በሽታ በሚከላከሉት ሴሎች ላይም የእሷ ተቀባዮች አሉ፤ ቁስል ሲያብጥ እብጠቱ ከልክ እንዳያልፍ እዚያም ድርሻ አላት። ጤና ማለት ኃይል ብቻ አይደለም፤ ጤና ልክ ማወቅ ነው አሉ።

«ስሟ ግን ያሳዝነኛል» ብለው ቀጠሉ። «ሰዎች መጀመሪያ ያጠኑት ካናቢስ የሚባለውን ተክል ነው። የተክሉ ንጥረ ነገር አንጎል ገብቶ የሚቀመጥበትን ወንበር አገኙ። ወንበሩ ለማን ተሠራ ብለው ባለቤቷን የፈለጉት ከዚያ በኋላ ነው። ባለቤቷ ተገኘች፤ ስሙ ግን በሌባው ወጣ።»

አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ሰውነታችን ራሱ የሚሠራው ከሆነ ታዲያ ማጨሱ ምን ክፋት አለው?»

ክፍሉ ሳቀ። ጋሽ ወዳጆ አልሳቁም።

«ጥሩ ጠየቅክ። የእኛዋ ይበቃል የምትለው በቦታዋ፣ በልኳ፣ ለአፍታ ነው። ጭሱ ግን ቤት ለቤት ገብቶ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ዝም በሉ ይላል፤ ቶሎም አይወጣም። ለመማር የሚሠራውንም፣ ለማስታወስ የሚሠራውንም ዝም ያሰኛል። የእናንተ አንጎል ደግሞ ገና በግንባታ ላይ ነው። ቤት ሳያልቅ አናጢውን የሚያባርር ሰው ምን ይባላል?» ጠመኔውን አስቀመጡ። «ደግሞ አንዳንዱ ሰው በሱ ሰበብ አንዴ ከታመመ፣ መመለሻው ሩቅ ነው።» ይህን ሲሉ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ነበር።

ለምን እንዳዞሩ የገባኝ በሌላ ቀን ነው። ጋሽ ወዳጆ ባጃጅ አይሳፈሩም። ከትምህርት ቤት ወጥተን ሽቅብ ወደ ቤታቸው አብረን እንሄድ ነበር፤ እኔ ሳለከልክ እሳቸው ያወራሉ። አንድ ከሰዓት በኋላ ከማር መደብር በር ላይ አንድ አርባ ዓመት ገደማ የሚሆነው፣ ዝምተኛ፣ እጁ እስከ ክርኑ ማር ማር የሚል ሰው ጠበቀን። ታናሽ ወንድማቸው ጌታሁን ነበር። ማር የሚያጣራው እሱ ነው። ሰላም ብሎኝ ከፊት ከፊታችን መሄድ ጀመረ።

«በየቀኑ እንዲህ እንሄዳለን» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ዩኒቨርሲቲ እያለ ነው የታመመው። ጎበዝ ተማሪ ነበር። ከጓደኞቹ ጋር ያንን ነገር ማጨስ ጀመረ፤ ሁለተኛ ዓመት ላይ ሰው ያወራብኛል፣ ይከተለኛል ማለት መጣ። ሌሎቹ ልጆች አጭሰው ተመርቀው ሥራ ያዙ፤ እሱ ቀረ። ለምን እሱ? መልሱን ስፈልግ ነው ይህን ሁሉ ያነበብኩት። ሙሉ መልስ አላገኘሁም። ያገኘሁትን ግን ለተማሪ መንገር አለብኝ።»

«መሄዱ ያሽለዋል?»

«የሚያሽለው የሐኪሙ መድኃኒት ነው፤ እሱን የሚተካ የለም። ግን እግር ሲሄድ፣ እንቅልፍ ሲሟላ፣ ሰው አብሮህ ሲበላ፣ ሰውነት የራሱን ይበቃል መሥራት አይቸግረውም። የኛ ድርሻ ያችን ማገዝ ነው።» ከዚያ ቆሙና ክንዴን ያዙኝ። «ሰለሞን፣ ይህን ለስታፍ አውርቼው አላውቅም። እዚህ ከተማ እብድ ከተባልክ መድኃኒት አያድንህም።»

«አደራዎትን እጠብቃለሁ ጋሼ» አልኩ። ማንም ማል ሳይለኝ ማልኩ።

ከዚያ በኋላ ቤተሰብ ሆንኩ። ባለቤታቸው እትዬ አለሚቱ ቆጮ ሲያዘጋጁ «ያን የሩቅ ልጅ ጥሩት» ይሉ ነበር። ጌታሁን ብዙ አያወራም፤ ስሄድ ግን ማር በብልቃጥ ይሰጠኛል።

በቀጣዩ ዓመት አንድ ወላጅ አቤቱታ ይዘው መጡ። አስራ አንደኛ ኤ የሚማር ልጃቸው ቤት ገብቶ «ሰውነታችን ካናቢስ ይሠራል፣ ለጤና ይጠቅማል ተብለን ተማርን» ብሎ ነግሯቸዋል። የቀረውን፣ ስለ ሌባውና ስለ አናጢው የተባለውን፣ ወይ ልጁ አልነገራቸውም፣ ወይ አባትየው አልሰሙትም። ወሬው በሁለት ቀን ከተማውን አዳረሰ፤ ጋሽ ወዳጆ ለልጆች ሃሺሽ አስተማሩ ተባለ። የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት ስብሰባ ተጠራ።

ርዕሰ መምህሩ ከስብሰባው በፊት አስጠራኝ። «የሙያ አስተያየት አንተ ትሰጣለህ። አጭር ይሁን» አለኝ። የዝውውር ማመልከቻዬ ጠረጴዛው ላይ ነበር። እናቴ ደብረ ብርሃን ብቻዋን ናት፤ ጉልበቷን ስለሚያማት ውሃ የሚቀዳላት ሰው አልነበራትም፤ በዚያ ዓመት ለመዛወር የሱ ድጋፍ ያስፈልገኝ ነበር። ርዕሰ መምህሩ ስለ ዝውውሩ አንድ ቃል አልተናገረም። አላስፈራራኝም። ይህን የምጽፈው ሰበብ እንዳላበጅ ነው። የፈራሁት ራሴው ነኝ።

ጋሽ ወዳጆ የተወለወለ ጫማቸውን አድርገው ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ስገባ ፊታቸው በራ። ምስክራቸው ነበርኩ።

«ይህ ትምህርት በተማሪው መጽሐፍ ውስጥ አለ?» ተባልኩ።

«በዚህ ስም የለም» አልኩ። እውነት ነው።

«ትምህርቱ ስህተት ነው?»

አይደለም ማለት ነበረብኝ። አንድ ቃል ናት። «ከክፍሉ ደረጃ ትንሽ ከፍ ይላል» አልኩ።

አባትየው ተነሡ። «ቆይ፣ ስንት ትምህርት እያለ ለምን ካናቢስ ላይ ተጣበቁ? የሚያጨስ ሰው ቤታቸው አለ እንዴ?»

«የቤቴን ነገር እዚህ አላመጣም» አሉ ጋሽ ወዳጆ ቀስ ብለው።

ርዕሰ መምህሩ ወደኔ ዞረ። «አንተ ቤታቸው ትገባለህ አይደል?»

ዝም ማለት እችል ነበር። አላውቅም ማለት እችል ነበር። «ወንድማቸው ድሮ ተጠቅሞ ታሞ ነበር። ለሱ ብለው ነው ያነበቡት» አልኩ። እሳቸውን ለመከላከል ብዬ ነው እያልኩ ራሴን ስንት ጊዜ አታለልኩ። ያን ሰዓት ግን የፈለግኩት ከዚያ ክፍል መውጣት ብቻ ነበር። ጋሽ ወዳጆ ወደኔ አላዩም። ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው መሬት መሬት ያዩ ነበር።

ከሁሉ የከፋው ከዚያ በኋላ ነው። ጸሐፊው ቃለ ጉባኤውን ጮክ ብሎ አነበበ፦ «የመምህሩ ወንድም የካናቢስ ተጠቃሚ መሆኑ በመምህር ሰለሞን ተረጋግጧል።» ታሞ የሚለው የለም። ድሮ የሚለው የለም። ለሱ ብለው ያነበቡት የሚለው የለም። «ይስተካከል የሚል አለ?» ተባለ። እስክሪብቶው በየተራ እየዞረ እኔ ጋ ደረሰ። ፈረምኩ።

ጋሽ ወዳጆ ዋጫ አካባቢ ወዳለ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ተዛወሩ። «ለሥራው ጥቅም ሲባል» ይላል ደብዳቤው። በመጨረሻ ቀናቸው ስታፍ ክፍል መጥተው የማስተማሪያ ደብተራቸውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ።

«አስራ አንደኛ ቢ ነርቭ ላይ ቆመዋል። ቀጥልላቸው» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ያን ዕለት እኮ...»

«ልጆቹ ይጠብቃሉ፤ አትዘግይባቸው» ብለው ወጡ።

አልቀጠልኩላቸውም። አንዲት ተማሪ «ቲቸር፣ የታላቅ ወንድሜ ክፍል በቦሎቄ የተማሩት ለኛስ የለም?» ስትለኝ «ፈተና ላይ አይመጣም» ብዬ ገጹን ገለበጥኩ።

ከዚያ ክፍል የወጣው ወሬ ማር መደብሩ ደረሰ። ባለቤቱ ክፉ ሰው አይደሉም፤ «ደንበኛ ጠየቀኝ፣ ምን ልበል?» ብለው ጌታሁንን ከሥራ አስወጡት። የሰፈር ልጆች መንገድ ላይ «ሃሺሽ! ሃሺሽ!» እያሉ ይከተሉት ጀመር። ለዓመታት ይከተሉኛል ሲል ያልነበሩ ሰዎች፣ አሁን እውነት ሆነው ተከተሉት። መውጣት ተወ፤ መድኃኒቱን ተወ፤ እንቅልፉ ጠፋ። ጋሽ ወዳጆ ጅማ ወስደው አስተኝተው አሳከሙትና ቤተሰቡን ሁሉ ጠቅልለው ዋጫ ገቡ። ይህን ሁሉ የሰማሁት ከሰው ነው። ሄጄ አልጠየቅኩም።

ዝውውሬ አልተሳካም፤ ቦታ የለም ተባለ። ከእናቴ ጋር የአክስቴ ልጅ መኖር ጀመረች። እኔ በጋሽ ወዳጆ ቦታ የባዮሎጂ ክፍል ኃላፊ ሆንኩ፤ የሳቸው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

አንዴ አይቻቸዋለሁ። ለፈተና ሥራ ወደ ሚዛን ስሄድ መኪናችን ሺሺንዳ ከተማ ላይ ቆሞ ሰው ሲጭን፣ ከገበያው ዳር ጎመን ይዘው ቆመው ነበር። ከስተዋል። በመስኮቱ አዩኝና እጃቸውን አነሡ። እኔ ስልኬ ላይ አቀረቀርኩ፤ ምንም ያልተጻፈበት ስክሪን ላይ። መኪናው ሲነሣ ቀና ብዬ አየሁ። እጃቸው ገና አልወረደም ነበር።

በሠልስታቸው ዋጫ ሄድኩ። መንገድ ላይ የምለውን አጠናሁ። ድንኳኑ ሞልቷል፤ ከገጠሩ ትምህርት ቤት የመጡ ተማሪዎች ከውጭ ቆመዋል። እትዬ አለሚቱ እንዳዩኝ ተነሡና እጄን ይዘው ወደ ጓዳ አስገቡኝ። ጠዋት ከጌታሁን ጋር ሲሄዱ ደክሞኛል ብለው ድንጋይ ላይ እንደተቀመጡ፣ በዚያው እንዳለፉ ነገሩኝ። ለቅሶዬን ስጨርስ ያጠናሁትን ጀመርኩ።

«እትዬ፣ ያን ቀን ስብሰባው ላይ እኔ...»

«አውቃለሁ። ባሌ ቃለ ጉባኤውን አምጥቶ አንብቦልኛል። ስምህ ነበረበት።»

«ይቅር ይበሉኝ። ለጌታሁንም ልነግረው ነው የመጣሁት።»

«እንዳትነግረው!» አሉኝ፤ ድምፃቸው ሳይጮህ በረታ። «ማን አወጣብኝ እያለ ሲጠይቅ ባሌ ‹ከተማ ነው፣ ወሬ ነው› እያለ ኖረ። እስኪሞትም አልነገረውም።»

«እውነቱን ማወቅ የለበትም?»

«ይኖርበት ይሆናል። ዛሬ ብትነግረው ግን አንተ ቀሎህ ትሄዳለህ፤ እሱ ተሸክሞት ያድራል። ቦንጋ ላይ አንድ ሰው አለኝ የሚለው አንተን ነው። ወንድሙን ትናንት ቀበረ፤ አንተን ደግሞ ዛሬ ልትወስድበት ነው?» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ያንተ ነው፤ አንተው ያዘው።»

ይቅር ብዬሃለሁ አላሉኝም። አልጠየቅኳቸውም ዳግመኛ።

ድንኳኑ ውስጥ ጌታሁን ማስታጠቢያ ይዞ መጣ። ፀጉሩ ሸብቷል፤ ዓይኑ ግን የረጋ ነው። እጄን አስታጠበኝ፣ ሳህን አመጣልኝ፣ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ብላ እንጂ። ጋሼ ሁሌ ያነሣህ ነበር። ‹ሰለሞን ሥራ በዝቶበት ነው እንጂ ይመጣ ነበር› ይላል። ይኸው መጣህ።»

በላሁ። ቀና ስል እትዬ አለሚቱ ከማዶ እያዩኝ ነበር፤ ዓይናቸውን ከኔ ላይ አላነሡም።

ጌታሁን እስከ መኪና ሸኘኝ። ስልኬን ጠይቆ ቁጥሩን እየደጋገመ አረጋግጦ መዘገበ። «አሁን የማወራው ሰው የለኝም» አለ። «አንዳንዴ ብደውል ሥራ አስፈታሃለሁ?» አይ፣ ደውል አልኩት። መኪናው ሲነሣ ተማሪዎቹ ወደ ድንኳኑ ይጠሩት ነበር፤ እሱ ግን እስክንታጠፍ ድረስ ቆሞ አየን።

ከዚያ ወዲህ በየእሁዱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይደውላል። ስለ ዝናቡ ያወራኛል፤ መድኃኒቱን እንዳላቋረጠ ይነግረኛል፤ ስለ እናቴ ጉልበት ይጠይቀኛል። አንድ እሁድ አላነሣሁም ነበር። ሦስቴ ደጋግሞ ደወለ፤ በአራተኛው ሳነሣ «ታመህ መስሎኝ ልመጣ ነበር» አለኝ።

አሁን አነሣለሁ። «ወንድሜ» ይለኛል።

«አቤት» እለዋለሁ።